ከአብራሪው ጎን

በሌዎት የአውሮፕላን ሜዳ መንገደኛ ወንበር አይመርጥም። ወንበር የምትመርጠው ሄስተር ናት። ሜዳ ይባል እንጂ ሣሩ የታጨደ የላም ግጦሽ ነው፤ በአንድ ጫፉ ባሕር፣ በሌላው ጫፉ የሹም ባርናባስ የኮኮናት ዛፎች አሉ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከሳንቶ ከተማ የምትመጣው አውሮፕላን ድምፅዋ ሲሰማ ላሞቹን ከሜዳው የሚያስወጣቸውም የሄስተር ፉጨት ነው። ቢሮዋ አንድ መስኮት ያላት የቆርቆሮ ቤት ስትሆን በውስጧ ሬዲዮ፣ ደብተርና ድሮ ደረቅ ኮኮናት ይመዘንበት የነበረ ትልቅ ሚዛን አለ።

አውሮፕላኗ ዘጠኝ ሰው ትጭናለች። ስምንቱ ሁለት ሁለት እየሆነ በአራት ረድፍ ይቀመጣል፤ ዘጠነኛው ከአብራሪው ጎን። ትንሽ ስለሆነች ጭነቷ ወደ አንድ ወገን ካደላ አትወድም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከነጓዙ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከበድ ያለው ወደ ፊት፣ ቀለል ያለው ወደ ጭራዋ ይደለደላል። አለቆቿ ለሄስተር ያስተማሯት ይህንኑ ብቻ ነው። የሁለት ቀን ትምህርት ነበር።

የቀረውን ማንም አላስተማራትም፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። በእኛ ደሴት ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አይቀመጡም። ሰው የአማቱን ስም አይጠራም። አማትና የሴት ልጇ ባል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መንገድ ላይ ከተገናኙ እሷ ከመንገዱ ወጥታ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ አሸዋ ላይ የረገጠችውን ዱካ ማዕበል እስኪያጥበው ድረስ እሱ አይረግጠውም። ጥላቻ እንዳይመስላችሁ፤ ክብር ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመድና አማች በዘጠኝ ወንበር ላይ፣ ኪሎው ሳይዛባ ክብሩም ሳይጓደል፣ አርባ ደቂቃ ሰማይ ላይ ማስቀመጥ የሄስተር ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ወባ ጥሏት ከከተማ ምትክ ሠራተኛ ላኩላት። ሰውዬው ሚዛኑን ብቻ እያየ ዲያቆን ሲላስን ከሚስቱ እናት ጎን አስቀመጠው። ሲላስ አውሮፕላኗ በመንገዷ ካረፈችበት ደሴት ላይ ዘሎ ወረደና የቀረውን በጀልባ ሦስት ቀን ሄደ። አማቱም ሳንቶ እስክትደርስ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሄስተር ትኩሳት ቢይዛትም ብርድ ልብስ ደርባ ትመጣለች።

ነገር ሲቋጠርባት መፍቻዋ ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከዘመድ ሁሉ ፊት ነው፤ ከማንም አይጎራበትም፤ ለሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል። አማትና አማች በአንድ ቀን ሲገጥሟት አንዷን እዚያ፣ አንዱን መጨረሻ ረድፍ ላይ አድርጋ፣ መሀሉን በሰው ትሞላዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ዘዴ ማንም ሳያፍር ሄዶ ተመልሷል።

ሌላም ደግነት ነበራት። ሚዛኑን ስታነብ ቁጥሩን አትጠራውም። ግራ እጇን እንደ ጎጆ ጣሪያ ደብተሩ ላይ ደፍታ ከሥሩ ትጽፋለች። የአንዳንዱ ሰው ልብስ ሰፊ የሆነው በምክንያት መሆኑን ታውቃለች። ጳጳሱ በመጡ ጊዜ እንኳ ያለ ሚዛን አላሳለፈቻቸውም፤ ቁጥራቸውን ግን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም።

ራሷ ሄስተር ግን አንድም ቀን በርራ አታውቅም። ሰው ሁሉ ይተርባታል። አገሩን ሁሉ ሰማይ ልካ ምድሩን ለብቻዋ ልትወርስ ነው ይሏታል። እሷ ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ጉልበቷ እውነት ያማታል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሚዛኑ ነበር። ሄስተር ሰፋ ያለች ሴት ናት፤ እሷ ሚዛን ላይ ስትወጣ እጁን ደፍቶ የሚጽፍላት ማን አለ? ስለ ኪሎዋ የሚወራረዱ ሰዎች እንዳሉም ታውቃለች፤ አንደኛው ውርርድ አሳማ ድረስ ደርሶ ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የሄስተር ልጅ ሎቪና ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት እንደ ደንቡ ሳንቶ ወርዳ አክስቷ ቤት ትጠብቅ ነበር። ባሏ ፓትሰን የቦዬ እርሻውን እያረመ ደሴቱ ላይ ቀርቷል። ሄስተር ቢሮዋን እየከፈተች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አክስትየዋ ነበረች። ምጡ ያለ ቀኑ መጥቷል፤ ሕፃኑ ተጣሞ ተኝቷል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ሊያወጡት ነው።

«ባሏ ይምጣ፤ ደም ሳያስፈልጋት አይቀርም ብለዋል» አለች አክስትየዋ። «ያን ጊዜ ሲመረመሩ ደማቸው አንድ ነው ተብሎ የለ። አንቺም ነይ እንጂ ሄስተር። እናቴን ሳላይ አልገባም እያለች የአልጋውን ብረት ይዛ አልለቅም ብላለች።»

ሄስተር ስልኩን ዘግታ ደብተሯን ገለጠች። የሚቀጥለው በረራ ሐሙስ ነው። ለዛሬ ሰባት ሰው ተመዝግቧል፤ ሁለት ወንበር ይቀራል። ሁለት ወንበር ለሁለት ሰው፣ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው አለች በልቧ። ኋላ ግን ወንበሮቹን ስታይ ሁለቱም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን።

እርሳሷን አነሳች። አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አዛወረች፤ ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች። አማችዋን ከኋላዋ ብታደርገው ማጅራቷን እያየ ሊሄድ ነው። ከፊቷ ብታደርገው እሷ ማጅራቱን እያየች ልትሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ሞት ነው። መፍቻው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር። እሱ ደግሞ ተሰጥቷል።

የተሰጠው ለሹም ባርናባስ ነው። ሹሙ ያንን ወንበር ስድስት ዓመት ለምነዋል፤ ሄስተርም ስድስት ዓመት ከልክላለች፤ ምክንያቱም እሳቸው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ አብራሪውን መንዳት ሊያስተምሩት ይችላሉ። ባለፈው ፋሲካ ግን በጉባኤው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ሲጠይቋት አፍራ እሺ አለች። ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ተጫምተው፣ ከወንድማቸው ልጅ የተዋሱትን ጥቁር መነጽር አድርገው ከሁሉ ሰው ቀድመው መጥተዋል። ሁለት ጆንያ ቦዬም ይዘዋል። ሳንቶ የሚሄዱበት ጉዳይ ራሱ ወንበሩ ሳይሆን አይቀርም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሄስተር የሰጠችውን ወንበር ነጥቃ አታውቅም፤ ለራሷ ብላማ እንዴት ተደርጎ። እንባዋ ደብተሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና አለችና በመጨረሻው ረድፍ ላይ የፓትሰንን ስም ጻፈች። ስሙን መጥራት ነው እንጂ መጻፍ አይከለከልም። ከጎኑ ያለውን ባዶ ትታ ደብተሩን ከደነች። ልጇን ለእግዚአብሔርና ለአማችዋ ደም ሰጠቻት።

ፓትሰን ወሬው ደርሶት መጥቶ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ጀርባውን ለቢሮው ሰጥቶ ቆሟል። አራት ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። እሷ ሥራ ላይ ስትሆን መጥቶ ማዕድ ቤቷን ሠራላት፤ ስትመለስ የለም። ዓሣ ሲያጠምድ ድርሻዋን ምሰሶው ላይ ሰቅሎላት ይሄዳል፤ እሷም በቅጠል የተጋገረ የጎደሬ ላፕላፕ ድንጋዩ ላይ ታስቀምጥለታለች። አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተያዩም። ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ ስሟን ጠርቷት አያውቅም። ግን በደሴቱ ላይ እንደ እነሱ የሚዋደድ አማትና አማች የለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

አውሮፕላኗ አረፈች። ሄስተር ሰዎቹን አንድ በአንድ መዘነች። የፓትሰን ተራ ሲደርስ ስሙን መጥራት ስለማትችል እንደ ልማዷ ሚዛኑን በእርሳስ አንዴ መታችው። አልመጣም። ሦስቴ መታችው። ፓትሰን ከዛፉ ሥር ሳይዞር እግሩ ሥር ለተጋደመው ለውሻው ተናገረ። እኛ ዘንድ አማትና አማች የግድ መነጋገር ካለባቸው ለውሻ ነው የሚናገሩት።

«ውሻዬ፣ ለምትመዝነው ሴትዮ ንገራት። ልጇ የጠራችው እሷን ነው። እኔ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

ሄስተር ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ውሻው፣ ንገረው። ደሙ ያለው እሱ ጋ ነው። እኔ ምን ይዤ ልሄድ? ጉልበቴን?»

«እናቷን ሳታይ አልገባም ካለች የኔ ደም ምን ያደርጋል በላት።»

«ሐሙስ የሚደርስ ደም ምን ያደርጋል በለው።»

ውሻው ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ጭራውን ይወዘውዛል። አብራሪው ካልፓው ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፤ የእኛን ደንብ አያውቅም። ሰዓቱን እያየ መጣና ሁለት ባዶ ወንበር እያለ ምን እንደሚጠበቅ ጠየቀ። ከምዕራብ ደመና እየመጣ ነው። ሁለቱም አብረው ይቀመጡ፣ አርባ ደቂቃ ምን አላት አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ የተሳሳተ ነገር መናገሩ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

በዚህ ጊዜ ሹም ባርናባስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሄስተር፣ ስንት ስም ጻፍሽ?»

«ስምንት፣ አባባ።»

«ወንበሩ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ከአብራሪው ጎን ማን ነው የተጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ሰርዢኝ።»

ሄስተር እርሳሱን ጨበጠች እንጂ አልሰረዘችም። በጉባኤ ፊት ቃል መግባቷን፣ ቃሏን አጥፍታ እንደማታውቅ ልታስረዳቸው ጀመረች። ሹሙ አላስጨረሷትም።

«ቃሉን የሰጠሽው ለኔ ነው። የኔን ነገር እኔ ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ያቺ ልጅ የአልጋ ብረት ይዛ ሁለት ወንበር ባዶውን ሊበር? አላፍርም እንዴ እኔ? ስረዢ ብዬሻለሁ። እኔ ከዚያ ልጅ ጎን፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። ለአብራሪው ያዘጋጀሁትን ወሬ እሱ ይሰማልኛል።»

ሄስተር ሰረዘች። ከዚያ በኋላ ግን ቀረልኝ የምትለው ነገር ፊቷ ድቅን አለ፤ ሚዛኑ። አብራሪው ግድ የለም ግቢ አላት። እሷ ግን ጳጳሱን የመዘነች ሴት ናት። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ ቦርሳዋን ያዘች፤ ዓይኗን ጨፍና ወጣችበት። የሚዛኑ ብረት ሲጢጥ ሲል ውርርዱ ላይ አሳማ ያለበት ሰውዬ አንገቱን አሰገገ።

ደብተሩን ያነሱት ሹም ባርናባስ ነበሩ። በዚህ ደሴት ላይ የእሳቸውን ያህል ለአፉ ለከት የሌለው ሰው የለም፤ የሰው ምስጢር እሳቸው ጆሮ ከገባ ከበሮ አያስፈልገውም። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ። ቀና አሉ። ከዚያም ግራ እጃቸውን እንደ ጎጆ ጣሪያ ደብተሩ ላይ ደፍተው ከሥሩ ጻፉ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሄስተር ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው ያንን የተደፋ እጅ ነው።

ሹሙ ደብተሩን ዘግተው ወደ ጫኞቹ ዞሩ። «አንዱን የቦዬ ጆንያዬን አውርዱት» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሁለተኛውንም» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የበለጠ የሳቀችው ሄስተር ነበረች፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ጉልበቷን እየደገፈች በፊተኛው በር ገባች። ፓትሰን በኋለኛው በር ገብቶ ከሹሙ ጎን ተቀመጠ። በመሀላቸው ስድስት ሰው ነበር።

አውሮፕላኗ ስትነሳ ሄስተር የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ጸሎት ጀመረች፤ አጋማሽ ላይ ጠፋባት። ወደ ታች ስታይ ሜዳው የእጅ መዳፍ አክሏል። ቢሮዋን አየች። ከቢሮዋ ማዶ ቤቷን አየች፤ ከቤቷም ጎን አንድ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮ። ማዕድ ቤቷ ነበረ። ከሥሩ ሆና ስታበስልበት ትንሽ ነገር ይመስላት ነበር፤ ከላይ ስታየው ከቤቷ ሊተካከል ምንም አይቀረው። ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ልጁ በስንት የዓሣ ገንዘብ ገዛው፣ ጣሪያውስ ላይ ስንት ቀን ፀሐይ በላው። ዞር ብላ ልታመሰግነው ፈለገች። አልዞረችም። ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳደረገች ካልፓውን አውሮፕላኗ እንዴት ነች፣ ድልድሉ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው አላት፤ ከዚህ ሜዳ ስነሳ ሁሌም እንደዚህ ነው። ያንን ቀን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ ይህ ደስ አላት።

ሳንቶ ዘንቦ ነበር። ከአውሮፕላኗ እስከ በሩ ያለው መንገድ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሄስተር ቀድማ ወርዳ ጉልበቷ እንደፈቀደላት እያነከሰች መራመድ ያዘች። የአክስትየዋ ባል ከአጥሩ ማዶ የጭነት መኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ቆሟል። ሌሎቹ መንገደኞች አልፈዋት ሄዱ። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ከኋላዋ አንድ ሰው እንዳልተንቀሳቀሰ ተሰማት። ፓትሰን ክንፉ ሥር ቆሟል፤ ሹሙም ከጎኑ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ውሃ፤ በጭቃው ላይ የሄስተር ዱካ አንድ በአንድ ታትሟል። እዚህ ደግሞ ማዕበል አይመጣም።

ሄስተር ከመንገዱ ወጥታ ውሃው ውስጥ ገባችና ጀርባዋን ሰጠች። ዱካው ግን እዚያው ነው።

«አባባ ባርናባስ» አለች። «ውሻው ቀርቷል፤ እርስዎ ይንገሩልኝ። ይሩጥ በሉት። ደም ይዞ አይቆምም በሉት።»

ሹም ባርናባስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና ከአውሮፕላኗ ሥር ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው የሄስተርን ዱካ እየፈተጉ ያጠፉት ጀመር። አንዱን ያጠፋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ጫማው ጫማ መሆኑ ቀረ። ነጩ ሸሚዝ እስከ ደረቱ ቀላ። እሷ እስከቆመችበት ሲደርሱ ቀና ብለው ተነፈሱ።

«ና ሂድ አንተ!» አሉት። «ማዕበሉ መጥቶ ሄዷል።»

ፓትሰን በሄስተር ጀርባ በኩል እንደ ነፋስ አለፈ። የእግሩን ድምፅ ሰማች እንጂ አላየችውም። መኪናው ላይ እሱ ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ሹፌሩ ለምን እንዲያ ተቀመጣችሁ አላላቸውም፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ ያውቃል።

ሎቪና እናቷን በበሩ ስታይ የአልጋውን ብረት ለቀቀች። ደምም አስፈልጓት ነበር፤ ብዙ። ሐኪሙ ኋላ ሲናገር፣ ከፓትሰን ክንድ የተቀዳው ደም ባይኖር ኖሮ የሚለውን ጀምሮ አልጨረሰውም። ሴት ልጅ ተወለደች። ነርሷ ሕፃኗን ስትመዝን ሄስተር ጠጋ ብላ ቁጥሩን ራሷ አነበበችውና ማንም እንዳያይ እጇን ደፋችበት። ነርሷ ሳቀች፤ ሄስተር ግን የምሯን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሎቪና ቁጭ ማለት ስትችል ስለ ስሙ አነሳች። ፓትሰን በረንዳው ላይ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ሕፃኗን ሄስተር ብሎ ሊሰይማት እንደሚፈልግ ነገረቻት።

«ሞኝ ነው እንዴ?» አለች ሄስተር። «የኔን ስም ከሰጣት አባቷ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ስሟን ሊጠራት አይችልም።»

«ብዬዋለሁ እማ። እሱንማ ቀድሜ ነው ያልኩት።»

«ምን አለሽ ታዲያ?»

«'አንቺ ትጠሪያታለሽ፣ እኔ እሰማለሁ' አለኝ።»

ሄስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማችዋ በረንዳው ላይ ስለነበረ ደንቡ ነው ማለት ይቻላል። ሎቪና ግን እናቷን ታውቃታለች። ሕፃኗን አቅፋ አነሳችና ደህነኛው ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።